በቅዳሜና እሑድ ጉዞ ጥሩ የአካባቢ ወይን ጠጅ መርጦ ለመመለስ፦ ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ሰዎች በቅርብ ወዳለ ወይን አምራች አካባቢ ለቅዳሜና እሑድ ይሄዳሉ፣ ደስ ብሏቸው ይቀምሳሉ፣ ጠርሙሶች ተሸክመው ይመለሳሉ፤ ከሳምንታት በኋላ የመጀመሪያውን ሲከፍቱ ግን ያ የወደዱት ጣዕም የለም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የወይን ጠጁ አይደለም። በአንድ ቀን አምስትና ስድስት ቦታ ለመድረስ ይሮጣሉ፤ ምላሳቸው ከደከመ በኋላ ይገዛሉ፤ የመጀመሪያው ቤት መስተንግዶ ማርኳቸው ገንዘባቸውን እዚያው ይጨርሳሉ፤ የገዙትንም በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ ያውላሉ። የሚከተለው ቅደም ተከተል እነዚህን ስህተቶች ለማስቀረት የተዘጋጀ ሲሆን፣ መሠረቱ አንድ ሐሳብ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ይቀመሳል፣ ማታ ከምግብ ጋር ይፈተናል፣ ግዢው የሚፈጸመው በሁለተኛው ቀን ነው።

1. ቦታና ጊዜ መምረጥ

ከጉዞው ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብለው ይጀምሩ። ከቤትዎ ከሁለት ሰዓት መንገድ በላይ የማይርቅ አንድ አካባቢ ብቻ ይምረጡ፤ ከዚያ ከራቀ ለቅምሻ የሚያስፈልገውን ሰዓት መንገዱ ይበላዋል። ቀጥሎ እርስ በርስ የሚቀራረቡ ሦስት መጥመቂያዎችን ይለዩና ሁለቱን ለቅዳሜ፣ አንዱን ለእሑድ ጠዋት ይመድቡ። አራተኛ አይጨምሩ። በአንድ ቤት ከአምስት እስከ ስምንት ዓይነት ይቀርባል፤ ሁለት ቤት ማለት እስከ ዐሥራ ስድስት ዓይነት ማለት ነውና፣ ልምድ የሌለው ሰው ከዚያ በላይ ቢቀምስ አንዱን ከሌላው መለየት ያቅተዋል።

ሦስቱን ለመምረጥ ማስታወቂያ ላይ አይመሥረቱ። ወይን ጠጅ የሚሸጥ ወይም በምግብ ቤት የሚያስተናግድ ሰው ያነጋግሩ፤ ሲጠይቁም «የትኛው ጥሩ ነው?» ከማለት «እርስዎ ለራስዎ የሚገዙት የማንን ነው?» ቢሉ ይሻላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ የሚሸጠውን ያስጠራል፤ ሁለተኛው የሚጠጣውን። ከሦስቱ አንዱ ትልቅና የታወቀ፣ ሁለቱ አነስተኛ ቢሆኑ ማነጻጸሪያ ያገኛሉ።

የለቀማ ወቅትን ያስቡበት። በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ለቀማው በአብዛኛው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፣ በደቡባዊው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይካሄዳል፤ ለምድር ወገብ በቀረቡ አገሮች ደግሞ እንደ ገረዛው ጊዜ በዓመት ሁለት ጊዜ ሊለቀም ይችላል። ወቅቱ ለዓይን ያማረ ነው፤ ነገር ግን አነስተኛ ጠማቂ በለቀማ ሳምንት ሌት ተቀን ሥራ ላይ ስለሚሆን ተረጋግቶ የሚያስረዳዎት ሰው አያገኙም። ለመማርና ለመምረጥ ከሆነ የሚሄዱት ከለቀማው ወራት ውጭ ያድርጉት።

2. ስልክ መደወል

ብዙ ጉዞ የሚበላሸው በር ላይ ነው። አነስተኛ መጥመቂያዎች እሑድ ሊዘጉ፣ ያለ ቀጠሮም ላያስተናግዱ ይችላሉ። ለሦስቱም ይደውሉና የሚከተሉትን ይጠይቁ፦

- ቅዳሜ ወይም እሑድ በየትኛው ሰዓት ይቀበላሉ? ቀጠሮስ ያስፈልጋል?
- ቅምሻው ክፍያ አለው? ጠርሙስ ከተገዛ ክፍያው ይቀነሳል?
- ስንት ዓይነት ይቀርባል? ከእነሱ ውስጥ ከዚያው አካባቢ ከተለቀመ ፍሬ የተጠመቀው የትኛው ነው?

የመጨረሻውን ጥያቄ በምንም ምክንያት አይዝለሉት። ከሩቅ አካባቢ ፍሬ፣ አልፎ ተርፎም የተጠመቀ ወይን ጠጅ በጅምላ ገዝተው በራሳቸው ስም የሚያሽጉ ቤቶች አሉ። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ከዚያም ጥሩ ነገር ሊወጣ ይችላል። እርስዎ ግን የወጡት የአካባቢውን አፈርና አየር ለመቅመስ ከሆነ የሌላ አገር ፍሬ ጠጥተው ይመለሳሉ። በጠርሙሱ መለያ ላይ «እዚህ የታሸገ» የሚለው «እዚህ የበቀለ» ማለት አይደለም፤ የቃላቱም አጠቃቀም እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። ስለዚህ በግልጽ ይጠይቁ። የራሱን ማሳ የሚያርስ ሰው ይህ ጥያቄ ሲቀርብለት ብዙ ጊዜ ደስ ብሎት ረጅም መልስ ይሰጣል።

የመጀመሪያውን ቀጠሮ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ያድርጉት፤ ምላስና አፍንጫ ንቁ የሚሆኑት ከምሳ በፊት ነው። በሁለቱ ቤቶች መካከል ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይተዉ፤ ምሳም በዚያ መሐል ይገባል።

*ቀጠሮ ቢሰረዝስ?* ምትክ ፍለጋ በየመንገዱ አይንከራተቱ። የአካባቢውን ምርት ሰብስቦ የሚሸጥ መደብር ወይም የገበሬዎች ማኅበር ካለ ወደዚያ ይሂዱ፤ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተለያዩ ጠማቂዎችን ሥራ ጎን ለጎን መቅመስ ስለሚቻል እንዲያውም የተሻለ ሊሆን ይችላል።

3. የመንዳትን ጉዳይ አስቀድሞ መጨረስ

ይህ ደረጃ ሳይጠናቀቅ ከቤት አይውጡ። 12.5 በመቶ አልኮል ያለው 100 ሚሊ ሊትር ወይን ጠጅ 10 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይይዛል፤ ሰውነት ይህን ለማስወገድ በግምት አንድ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ከሰው ሰውም ይለያያል። በአንድ ቤት ስምንት ዓይነት በ50 ሚሊ ሊትር ቢቀዳልዎትና ሁሉንም ቢውጡ 400 ሚሊ ሊትር ጠጡ ማለት ነው፤ ይህም ከአንድ ሙሉ ጠርሙስ ከግማሽ በላይ ነው። ቡና መጠጣት ወይም ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ ያነቃል እንጂ አልኮሉን ከደም አያወጣም።

ስለዚህ ጨርሶ የማይቀምስ አሽከርካሪ ይመድቡ፣ ወይም መኪና ከነሾፌሩ ይከራዩ፣ ወይም በእግር የሚደረስበት ማደሪያ ይያዙ። «እተፋዋለሁና እነዳለሁ» የሚለው ስሌት አደገኛ ነው፤ የሚተፋ ሰውም የተወሰነ መጠን ይውጣል፣ በአፍ በኩልም ጥቂት ይገባበታል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ከአልኮል ጋር የማይስማማ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አብሮ ሊጓዝና ሊያሸት ይችላል፤ መቅመስ ግን የለበትም።

4. ዕቃና አፍን ማዘጋጀት

የሚያዙት ጥቂት ነው፦ ደብተርና እርሳስ፣ ነጭ ወረቀት፣ የመጠጥ ውኃ፣ ያልተቀባ ዳቦ፣ ክዳን ያለውና ውስጡ የማይታይ የመትፊያ ኩባያ፣ በረዶ የሚያዝበት ሳጥን፣ ጠርሙስ የሚጠቀለልበት ፎጣ። አስተናጋጁ ሰፊ አፍ ያለው ወይም ወፍራም ብርጭቆ ሊያቀርብልዎት ስለሚችል የራስዎን ብርጭቆ ቢይዙ አይጠላም። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ደረጃ መሠረት የቅምሻ ብርጭቆ 215 ሚሊ ሊትር ያህል የሚይዝ ሲሆን፣ አፉ ከሆዱ የጠበበ ነው፤ የሚቀዳበትም 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። የቀረው ባዶ ቦታ ሽታው የሚሰበሰብበት ነውና ብርጭቆው ሲሞላልዎት ደስ አይበልዎት።

በጉዞው ጠዋት ሽቶ አይቀቡ፤ የራስዎን ብቻ ሳይሆን አጠገብዎ የቆመውንም ሰው ቅምሻ ያበላሻል። ጥርስዎን ከቅምሻው ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ይቦርሹ። ቁርስ በደንብ ይብሉ፤ ቅመምና ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ግን አይሁን። ጉንፋን ከያዘዎት ጉዞውን ያስተላልፉ፤ ጣዕም የምንለው አብዛኛው ነገር የሚገኘው በአፍንጫ በኩል ነው።

5. የቅምሻው ቅደም ተከተል

ሀ. ተራውን ያስይዙ። አረፋማው ይቀድማል፤ ከዚያ ስኳር የሌለው ነጭ፣ ሮዜ የሚባለው ፈዛዛ ሮዝ ቀለም ያለው፣ ቀለል ያለ ቀይ፣ ጠንከር ያለ ቀይ፣ በመጨረሻ ጣፋጩ። ጣፋጭ ከቀደመ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ጎምዛዛ ይመስላል። አስተናጋጁ በሌላ ተራ ከጀመረ በትሕትና እንዲያስተካክል ይጠይቁት።

ለ. ጠርሙሱ መቼ እንደተከፈተ ይጠይቁ። ከጠርሙሱ ግርጌ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ቀርቶ፣ ቡሹ ላላ ብሎ ተሰክቶ ካዩ ምናልባት የትናንት ወይም የትናንት በስቲያ ነው፤ አዲስ ቢከፍቱልዎት እንደሚመርጡ ይናገሩ። ይህ ድፍረት አይደለም፤ ጠማቂውም ሥራው በደከመ ጠርሙስ እንዲመዘን አይፈልግም።

ሐ. ይመልከቱ። ብርጭቆውን ከነጭ ወረቀቱ በላይ ዘንበል ያድርጉ። በወጣት ቀይ ወይን ጠጅ ጠርዝ ላይ ሐምራዊ ቀለም ይታያል፤ እያረጀ ሲሄድ ጠርዙ ወደ ጡብ ቀለም ያደላል። ወጣት ነው የተባለ ነጭ ቡናማ ከሆነ ይጠርጥሩ።

መ. ሁለት ጊዜ ያሽትቱ። መጀመሪያ ሳያንቀሳቅሱ፣ ቀጥሎ የብርጭቆውን እግር ይዘው ካዞሩት በኋላ። በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት ብዙ ይናገራል፤ ሲዞር የሚከፈትና አዲስ ሽታ የሚሰጥ ወይን ጠጅ ተስፋ ያለው ነው።

ሠ. ትንሽ ይጎንጩ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ በቂ ነው። ለጥቂት ሰከንድ አፍ ውስጥ ያዙሩት፣ በከንፈርዎ መካከል ትንሽ አየር ይሳቡ፣ ይትፉ። መትፋት በቅምሻ ቦታ ነውር አይደለም፤ የሙያው ሰዎች ሁሉ ይተፋሉ።

ረ. አራት ነገር ይጠብቁ። አሲዱ ምራቅን ያስመጣል። ታኒን የሚባለው፣ ከፍሬው ልጣጭና ዘር እንዲሁም ከእንጨት በርሜል የሚመጣው ውህድ፣ ድድና ጉንጭን አድርቆ ይይዛል። አልኮሉ ከበዛ ጉሮሮን ያቃጥላል። ስኳሩ ደግሞ ሌሎቹን ይሸፍናል፤ ለዚህም ነው ጣፋጭ ወይን ጠጅ በመጀመሪያው ጉንጭ ሁሉንም የሚያስደስተው። ጥሩ በሆነው ውስጥ ከአራቱ አንዱ ብቻውን ጎልቶ አይጮኽም። ከተፉ በኋላ ጣዕሙ አፍዎ ውስጥ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ይቁጠሩ። ወዲያው የሚጠፋው ተራ ነው፤ ዐሥር ሰከንድና ከዚያ በላይ ሳይመርር የሚቆየው ደብተርዎ ላይ ቦታ ይገባዋል። እኔ ከሁሉም መለኪያ ይልቅ ይህን አምናለሁ፤ ሽታ በብልሃት ሊጎላ ይችላል፣ የጣዕም ርዝመት ግን ከጥሩ ፍሬ ካልሆነ በቀር አይገኝም።

ሰ. ከጓደኛዎ ጋር ከመነጋገርዎ በፊት ይጻፉ። ስሙን፣ የምርት ዘመኑን (ፍሬው የተለቀመበትን ዓመት)፣ ሦስት አራት ቃል መግለጫና አንድ ፍርድ፦ «እደግመዋለሁ»፣ «ምናልባት» ወይም «አይሆንም»። ከመቶ ነጥብ መስጠት አያስፈልግም። አንድ ሰው ጮክ ብሎ «እንጆሪ ይሸታል» ካለ በኋላ ሁሉም እንጆሪ መሽተት ይጀምራል፤ መጻፉ ከንግግሩ የሚቀድመው ለዚህ ነው።

*ምንም ሽታ ባይሰጥስ?* ነጩ ከመጠን በላይ ቀዝቅዞ ይሆናል። ብርጭቆውን በሁለት እጅዎ አቅፈው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ነጭ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጠንካራ ቀይ ከ16 እስከ 18 ቢሆን ይመረጣል። በተቃራኒው ቀዩ ሞቆ አልኮሉ ብቻ አፍንጫ የሚመታ ከሆነ ቀዝቀዝ ብሎ እንዲቀርብ ይጠይቁ፤ በሞቀ ቀይ ላይ ፍርድ አይስጡ።

*ሁሉም አንድ ዓይነት መምሰል ቢጀምርስ?* ምላስዎ ደክሟል። ውኃ ይጠጡ፣ ዳቦ ይብሉ፣ ወጣ ብለው ሃያ ደቂቃ ይራመዱ። ካልተመለሰልዎት የዕለቱን ቅምሻ እዚያው ያቁሙ።

6. ብልሽትን ከጠባይ መለየት

እርጥብ ካርቶን ወይም ሻጋታ የበዛበት ምድር ቤት የሚሸት፣ ፍሬው የጠፋበት ወይን ጠጅ በቡሹ በኩል ተበክሏል፤ ቢያናፍሱትም አይሻሻልም። ሌላ ጠርሙስ ይጠይቁ እንጂ በዚህ አምራቹን አይፍረዱበት። ተቆርጦ የከረመ ፖም የሚሸትና የደበዘዘው አየር ገብቶበታል። የአቼቶ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ በግልጽ የሚያመጣው ወደ ኮምጣጤነት ጀምሯል። የተጫረ ክብሪት ወይም የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ግን ተስፋ አለው፤ አየር በማጣት የሚመጣ ስለሆነ ብርጭቆው ውስጥ ደጋግሞ ሲዞር ሊለቅ ይችላል።

ግርጌ ላይ የሚታየው አተላ ወይም ቡሹ ላይ የተጣበቀ ስኳር የሚመስል ክሪስታል ብልሽት አይደለም፤ ሁለቱም ጤናን አይጎዱም። ባልተጣራ ወይን ጠጅ ላይ ድፍርስነትም የጠማቂው ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ ይጠይቁት።

7. የማታው ፈተና

አብዛኞቹ ተጓዦች የሚዘሉት፣ እኔ ግን የጉዞው ልብ ነው የምለው ደረጃ ይህ ነው። ቅዳሜ ከየቤቱ «እደግመዋለሁ» ካሉት ውስጥ አንድ አንድ ጠርሙስ ብቻ ይግዙ። ካርቶን እንዲወስዱ ቢገፋፉዎት «ነገ ተመልሼ እወስናለሁ» ይበሉ። በነፃ ያስተናገደዎትና ሰዓቱን የሰጠዎት ቤተሰብ ካለ ያቺ አንድ ጠርሙስ የምስጋናም ድርሻ ትወጣለች።

ማታ ሁለቱን ከራት ጋር ይክፈቱ። በቅምሻ ቦታ በጉንጭ የሚመዘነው ወይን ጠጅ ለምግብ ሲሆን ሌላ ጠባይ ያሳያል፤ በጠዋት ያስደነቀው ጠንካራና የበርሜል ሽታ የበዛበት ቀይ ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ሲከብድ፣ ጸጥ ያለው ነጭ ሳይታወቅ ያልቃል። ማን የትኛውን እንደገና እንደቀዳ ልብ ይበሉ። ለአንድ ሰው አንድ ብርጭቆ ከየዓይነቱ ይበቃል፤ የቀረውን በደንብ ከድነው ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡና እሑድ ጠዋት አንድ ጉንጭ ይቅመሱ። አድሮ ፍሬውን ያልጣለ ወይን ጠጅ በጥሩ እጅ የተሠራ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

*ሁለታችሁ ባትስማሙስ?* ጠርሙሶቹን በፎጣ ጠቅልለው አንዱ ሌላውን ሳያሳይ ይቅዳ። ብዙ ክርክር የሚፈታው መለያው ሲሸፈን ነው።

8. ግዢ

እሑድ ጠዋት ሦስተኛውን ቤት ከቀመሱ በኋላ ያሸነፈው ወደተሠራበት ይመለሱ፤ እሑድ የሚዘጋ ከሆነ ቅዳሜ ሲለዩ ከየት እንደሚገኝ ጠይቀው ይያዙ። ሲገዙ፦

- የቀመሱት የምርት ዘመንና የሚሰጥዎት አንድ መሆኑን መለያው ላይ ያረጋግጡ። መደርደሪያው ላይ ያለው የሌላ ዓመት ከሆነ ሌላ ወይን ጠጅ ነው።
- በመስኮት ፀሐይ ላይ የቆመ ጠርሙስ አይውሰዱ፤ ከመጋዘን እንዲወጣልዎት ይጠይቁ። በተለይ ነጭና ሮዜ በጠራ ጠርሙስ ከሆኑ ብርሃን ቶሎ ያበላሻቸዋል።
- ቡሹ ወደ ላይ የተገፋ፣ አንገቱ የሚያጣብቅ ወይም አጠገቡ ካሉት ጠርሙሶች ጎድሎ የሚታይ ጠርሙስ ይመልሱ።

ከአንድ ዓይነት ሦስት ጠርሙስ ጥሩ መጠን ነው፤ አንዱ በቅርብ ይጠጣል፣ ሁለተኛው ከወራት በኋላ፣ ሦስተኛው ከዓመት በኋላ። «ስንት ዓመት ይቆያል?» ብለው ጠማቂውን ይጠይቁና መልሱን ደብተርዎ ላይ ያስፍሩ። በገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ወይን ጠጅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው፤ ማስቀመጥ ሁሉንም አያሻሽልም።

9. ቤት ማድረስ

ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በሞቃት ቀን ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ወይን ጠጅ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ቡሹን ይገፋል፣ ፍሬው የተቀቀለ ይመስላል፤ አንዴ ከሆነ አይመለስም። ስለዚህ ግዢውን የጉዞው የመጨረሻ ተግባር ያድርጉትና በቀጥታ ወደ ቤት ይመለሱ። ጠርሙሶቹን በፎጣ ጠቅልለው በረዶ በያዘው ሳጥን ውስጥ ያስገቡ፤ በረዶው ጠርሙሱን በቀጥታ እንዳይነካ መሐሉ ላይ ጨርቅ ያድርጉ። ሳጥኑ ካልበቃ የመኪናው ወለል ላይ፣ ጥላ በሚያርፍበት በኩል ያስተኟቸው። መንገድ ላይ ለምግብ የሚቆሙ ከሆነ መኪናው ጥላ ሥር ይቁም፤ ጥላ ከሌለ ሳጥኑን ይዘው ይውረዱ።

*አንገቱ ላይ ቢያፈስስ?* ያን ጠርሙስ ለይተው በዚያው ሳምንት ይጠጡት፤ ለማስቆየት አይሆንም።

10. ከተመለሱ በኋላ

መንገድ የተንገላታውን ጠርሙስ በዚያው ማታ አይክፈቱ፤ ሳምንት ያህል ያሳርፉት። ቡሽ ያለውን አስተኝተው፣ ጠመዝማዛ ክዳን ያለውን እንደፈለጉ፣ ብርሃን በማይደርስበትና ሙቀቱ በማይለዋወጥ ቦታ ያስቀምጡ። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ተስማሚ ነው፤ ይህ ከሌለ ከቤቱ ቀዝቃዛው ጥግ ይበቃል። ማቀዝቀዣ አናት ላይና ምድጃ አጠገብ ግን በፍጹም አያስቀምጡ።

የመጀመሪያውን ሲከፍቱ የጉዞውን ደብተር አጠገብዎ ያድርጉ። ጣዕሙ ከጻፉት ጋር ካልተገናኘ በዚህ ተራ ይመርምሩ፦ ሙቀቱ ልክ ነው? ብርጭቆው ያ ዓይነት ነው? አብሮ የቀረበው ምግብ ቅመሙ አልበዛም? ሦስቱም ደህና ከሆኑና ወይን ጠጁ እርጥብ ካርቶን የሚሸት ከሆነ አይድፉት። ቡሹን መልሰው ይክተቱና የምርት ዘመኑን ጠቅሰው ለአምራቹ ይደውሉ፤ ምን ያህሉ እንደተጠጣ ስለሚጠየቁ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ጠርሙሱ ውስጥ ይቆይ። ሥራውን የሚያከብር ጠማቂ እንዲህ ያለውን ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ይተካል፤ ቀሪዎቹ ሁለቱ ከዚያው ካርቶን ከሆኑም ምን ማድረግ እንዳለብዎት ይነግርዎታል።